የረጅም ጊዜ የእርግዝና መከላከያና የባለትዳሮች ምርጫ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር የኖረ ነው። አባባሉ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ የራሱን እንጀራ ይዞ ይመጣል የሚለውን እምነት ያንጸባርቃል። ይሁን እንጂ ልጁ በዕድሉ የሚያድግ ቢሆን እንኳ ፀንሳ የምትወልደው፣ አጥብታም የምታሳድገው እናቱ ናት። እርግዝና ሳይራራቅ በተደጋገመ ቁጥር የእናቲቱ ደም ያንሳል፤ አቅሟም ይዳከማል። የሚወለደውም ሕፃን ያለ ጊዜው ሊወለድ ወይም ክብደቱ ሊያንስ ይችላል። በዚህም ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት መስፋፋት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከተቋቋመ ወዲህ ነው። በ1985 ዓ.ም. ብሔራዊ የሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየገጠር ቀበሌው ተሰማርተው አገልግሎቱን ለሕዝቡ አቀረቡ። ከዚህም የተነሣ በ1992 ዓ.ም. በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ 100 ባለትዳር ሴቶች መካከል የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት 8 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም. ቁጥራቸው ወደ 36 ከፍ አለ። ከእነዚህ 36 ሴቶች ውስጥ 23ቱ የሚጠቀሙት በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ነበር። መርፌው በሚገባ የሚሠራ ቢሆንም ቀኑን ጠብቆ በዓመት አራት ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል። የጤና ጣቢያው ሩቅ ሲሆን፣ ወይም የአጨዳና የውቂያ ሥራ ሲበዛ፣ ቀኑ ያልፋል፤ ያልታሰበ እርግዝናም ይከተላል። የረጅም ጊዜ መከላከያዎች ጥቅም በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እነዚህም በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ክፍል በተፈለገ ጊዜ የሚቋረጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ዘላቂ ነው።

ከሚቋረጡት መካከል አንዱ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ነው። ይህ የክብሪት እንጨት የሚያህል ለስላሳ ዘንግ ሲሆን፣ በውስጡ የያዘውን ሆርሞን ቀስ በቀስ ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑም እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ በማሕፀን በር ላይ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ በማወፈርም የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ይከለክላል። ባለ አንዱ ዘንግ ለ3 ዓመት፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ ለ5 ዓመት እንዲያገለግል የተሠራ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1000 ተጠቃሚዎች መካከል የሚያረግዙት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጡም። ነገር ግን የወር አበባን ያዛባል፤ በአንዳንዶች ላይ ደም በየጊዜው ጠብ ሲል፣ በሌሎች ላይ ጭራሹን ይቀራል። እንዲሁም አንዳንድ የሚጥል በሽታና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ኃይሉን ስለሚቀንሱበት፣ ተጠቃሚዋ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያው መንገር ይኖርባታል። ዘንጉን ለማውጣት የሠለጠነ እጅ ስለሚያስፈልግ፣ ከማስቀበር በፊት የት እንደሚወጣ ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው በተለምዶ ሉፕ የሚባለው ነው። ይህ በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥና መዳብ የተጠቀለለበት ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ መዳቡ የወንዱን ዘር እያዳከመ እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ እርግዝናን ይከላከላል። ሆርሞን ስለሌለበት ሆርሞን ለማይስማማቸው ሴቶች ይመረጣል። በአንጻሩ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባን ያበዛል፤ ቁርጠትም ያስከትላል። ስለሆነም ደም ያነሳት ሴት ከመምረጧ በፊት ከሐኪም ጋር መመካከር ይኖርባታል። ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል እየተባለ የሚነገረው ወሬ መሠረት የለውም፤ ከማሕፀን ወደ ልብ የሚያደርሰው መንገድ የለምና። ሉፑም ሆነ ዘንጉ ከወጣ በኋላ ሴቲቱ ሳትቆይ ልትፀንስ ትችላለች።

ዘላቂ የሆነው መከላከያ በቀዶ ሕክምና የሚፈጸም ነው። በሴቷ በኩል እንቁላል ወደ ማሕፀን የሚያልፍባቸው ሁለት ቱቦዎች ይቋጠራሉ ወይም ይቆረጣሉ። የወር አበባዋ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። በወንዱ በኩል ደግሞ የዘር ፍሬዎቹ ያመነጩትን ዘር የሚያስተላልፉት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይቆረጣሉ። የሴቷ ቀዶ ሕክምና ሆድ ዕቃን መክፈት ሲጠይቅ፣ የወንዱ ግን የሚሠራበትን ቦታ ብቻ በማደንዘዝ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። ሊ ሹንቺያንግ የተባሉ ቻይናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 ቆዳውን በምላጭ ሳይቀዱ በትንሽ ቀዳዳ ብቻ የሚሠራበትን ዘዴ ካስገኙ ወዲህ፣ ሥራው ይበልጥ ቀሏል። ይሁንና አስቀድሞ በቱቦው ውስጥ የነበረው ዘር እስኪያልቅ ድረስ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋል።

የወንዱ ሕክምና ከሴቷ ይልቅ የቀለለ ሆኖ ሳለ፣ በኢትዮጵያ ያደረጉት ወንዶች እጅግ ጥቂት ናቸው። ለዚህም ዐቢይ ምክንያት የሆነው ሕክምናውን ከመኮላሸት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ነገር ግን በሬ ሲኮላሽ የሚጠፋው የዘር ፍሬው ራሱ ነው፤ ወንድነትን የሚሰጠው ሆርሞን የሚመነጨውም ከዚያ ነው። በዚህ ሕክምና ግን የዘር ፍሬዎቹ አይነኩም፤ የሚዘጋው የዘሩ መተላለፊያ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰውየው ጉልበትም፣ ድምፁም፣ ፍትወቱም እንደነበረ ይቆያል።

እንግዲህ ከእነዚህ ዘዴዎች የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ለምሳሌ አንድ ልጅ ያላቸውና ሁለተኛውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚሹ ወጣት ባልና ሚስት ቢኖሩ፣ ለእነርሱ የሚስማማቸው በፈለጉ ጊዜ የሚያስወጡት ሉፕ ወይም ዘንግ ነው። አምስት ልጆች ያፈሩ፣ ሚስቲቱም በመጨረሻው ወሊድ ብዙ ደም ፈስሷት ከሞት የተረፈች ባልና ሚስት ቢሆኑ ግን፣ ዘላቂውን መንገድ ሊያስቡበት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ አምስት ጊዜ ያማጠችው ሴት እንደገና በቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ከምትተኛ፣ ባልየው ቀላሉን ሕክምና ቢያደርግ ሸክሟን ተካፈለ ማለት ነው።

ሆኖም ዘላቂ የተባለው በእርግጥ ዘላቂ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የተቆረጠውን ቱቦ መልሶ ለማገናኘት ቢሞከርም ሥራው ውስብስብ ነው፤ ውጤቱም አያስተማምንም። ልጅ ሊሞት፣ ትዳርም ሊፈርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ጸጸት ግን አይጠቅምም። በመሆኑም እንዲህ ያለው ውሳኔ በምጥ ሕመም ላይ ወይም በሌላ ሰው ግፊት ሳይሆን፣ በሰከነ አእምሮና በሙሉ ፈቃድ የሚሰጥ መሆን ይገባዋል። በተጨማሪም ከእነዚህ ዘዴዎች መካከል ኤች.አይ.ቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የሚከላከል አንድም የለም፤ ለዚህ የሚያገለግለው ኮንዶም ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ የመከላከያ ምርጫ የሴቷ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መቆየቱ ብዙ እናቶችን ለብቻቸው እንዲሸከሙት አድርጓል። ልጅ የሁለት ሰዎች ፍሬ እንደ ሆነ ሁሉ፣ መቼና ስንት ልጅ እንደሚወለድ መምከርም የሁለቱ ድርሻ ነው። ባልና ሚስት ወሬን ትተው ባለሙያን ጠይቀው፣ የእያንዳንዱን ዘዴ ጥቅምና ጉዳት መዝነው ሲወስኑ፣ እናት በጤና ትኖራለች፤ የተወለደውም ልጅ በዕድሉ ብቻ ሳይሆን በወላጆቹ ዝግጅት ያድጋል።