የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሥልጠናና የሙያ ፈቃድ፤ ከፈረስ ቤት አካባቢ ሁኔታ አንጻር

የምዕራብ ጎጃም ክፍል በሆነው በደጋ ዳሞት ወረዳ፣ በዋና ከተማው በፈረስ ቤትና በዙሪያው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ከመድረሱ በፊት ብዙ ዳገት ወጥቶ ብዙ ቁልቁለት ይወርዳል። ከትምህርት ሲመለስም ከብት ያግዳል፤ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል። ከዚህም የተነሣ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሲታይ፣ «ሲሮጥ ውሎ ለሚያድር ልጅ ተጨማሪ ሩጫ ምን ይረባዋል?» የሚል ጥያቄ ከወላጆችም፣ አንዳንድ ጊዜም ከመምህራን ዘንድ ይነሣል። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በቂ መልስ ሊሰጥበት የሚችለው በሙያው በሚገባ የሠለጠነ መምህር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንድ ሰው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ የሙያ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፍበትን ሥልጠና መግለጽና፣ ይህ ሥልጠና እንደ ፈረስ ቤት ላለ አካባቢ መምህሩን እንዴት ሊያዘጋጀው እንደሚገባ ማመልከት ነው።

1. የትምህርቱ አስፈላጊነት

ዳገት መውጣት ልብንና ሳንባን ያበረታል፤ የእግርንም ጡንቻ ያጠነክራል። በዚህ በኩል የደጋው ልጅ ከከተማው ልጅ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም አካል በሙሉ የሚጎለምሰው በእግር ጉዞ ብቻ አይደለም። ሚዛንን መጠበቅ፣ መወርወርና መቅለብ፣ ዐይንንና እጅን ማቀናጀት፣ የትከሻንና የሆድን ጡንቻ ማጠንከር፣ መገጣጠሚያዎችን ማፍታታት ራሳቸውን ችለው ልምምድ የሚጠይቁ ችሎታዎች ናቸው። ደንብ አክብሮ መጫወት፣ መሸነፍን መቀበልና ከጓደኛ ጋር መተባበርም እንዲሁ በትምህርት የሚገኙ ናቸው። ከዚህም በላይ የገጠር ሥራ ራሱ ትምህርት ያሻዋል። በየቀኑ ውኃ የምትሸከም ልጃገረድ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ከማንሣት ይልቅ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ሸክሙን ወደ አካሏ አስጠግታ ማንሣትን ብትማር ትምህርቱ ከሜዳው አልፎ እስከ ምንጩ ድረስ ይከተላታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ብርቱ የሆነ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን እንዲኖራቸው ይመክራል። የደጋው ተማሪ የመጀመሪያውን በጉዞው ሊያሟላ ይችላል። ቀሪውን የአካል ብቃትና ክህሎት ግን መምህሩ አውቆና አቅዶ ሊጨምርለት ይገባል። ዩኔስኮም በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) ባጸደቀውና እ.ኤ.አ. በ2015 ባሻሻለው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን የሁሉም ሰው መሠረታዊ መብት አድርጎ ደንግጎታል።

2. ወደ ሙያው የሚወስደው መንገድ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ትምህርቱ በመጀመሪያዎቹ 4 ክፍሎች «ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ» በሚል ከሙዚቃና ከሥነ ጥበብ ጋር ተቀናጅቶ ይሰጥ ነበር። ከዚያ በላይ ባሉት ክፍሎች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። በቅርቡ በተዘጋጀው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» የሚለው ስያሜ ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ አስሮ ይዟል።

የአንደኛ ደረጃ መምህራን ለረጅም ዘመን በ1 ዓመት የምስክር ወረቀት ሥልጠና ይዘጋጁ ነበር። ከዚያም 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ዕጩዎች በክልሎች ሥር በሚተዳደሩ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች 3 ዓመት ተምረው በዲፕሎማ የሚመረቁበት ሥርዓት ተተካ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ የመግቢያው ደረጃ 12ኛ ክፍልን ወደ ማጠናቀቅ ከፍ ብሏል። ለሁለተኛ ደረጃ የሚዘጋጀው መምህር በዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ከዲግሪው በኋላ ስለ ማስተማር ሙያ የሚሰጥ የ1 ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ተጀምሯል።

የትምህርቱ ይዘት ሰፊ ነው። ዕጩው የአካል ክፍሎችን አቀማመጥና አሠራር፣ የእንቅስቃሴን ሕግ፣ የልጆችን ዕድገትና ሥነ ልቡና ያጠናል። በሜዳ ላይ አትሌቲክስን፣ ጂምናስቲክንና የኳስ ጨዋታዎችን ይለማመዳል። የመጀመሪያ ዕርዳታን፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን ተማሪዎች ማሳተፍንና የማስተማሪያ ዘዴን ይማራል። በመጨረሻም ወደ ትምህርት ቤቶች ወጥቶ የማስተማር ልምምድ ያደርጋል።

የምረቃ ወረቀት ግን የመንገዱ ፍጻሜ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የመምህራን የሙያ ብቃት ደረጃ ሙያዊ ዕውቀት፣ ሙያዊ ተግባርና ሙያዊ ተሳትፎ በተባሉ 3 ዘርፎች ሥር 7 መለኪያዎችን ይዟል። የሙያ ፈቃድ አሰጣጡም በጽሑፍ ፈተናና በማኅደረ ተግባር ምዘና ላይ የተመሠረተ ነው። ጀማሪው መምህር ለ2 ዓመት በነባር መምህር እየተደገፈ የሙያ ትውውቅ ሲያደርግ፣ ነባሩ ደግሞ በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራ ይጠበቅበታል።

3. በኮሌጅ የተገኘው ዕውቀት ወደ ደጋው ሲወጣ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ ፈረስ ቤት የሚመደብ ጀማሪ መምህር በመጀመሪያ የሚያገኘው አስተማሪ የራሱ ትንፋሽ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከፍታው በጨመረ መጠን ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ተማሪዎቹ ከዚህ አየር ጋር ተላምደው አድገዋል፤ ከቆላ በቅርቡ የመጣ ተማሪ ግን አልተላመደም። ስለዚህ መምህሩ ሩጫን ለሁሉም በአንድ ልክ ከማዘዝ ይልቅ የእያንዳንዱን ልጅ ትንፋሽና የልብ ትርታ እያየ መመጠን ይኖርበታል። በጾም ወራትም ምግብ ሳይቀምሱ የሚመጡ ተማሪዎች ስላሉ፣ በእነዚያ ቀናት ከብርቱ ሩጫ ይልቅ ሚዛንንና ቅልጥፍናን የሚያዳብር ልምምድ መምረጥ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የተማሪው ብዛትና የመሣሪያው ማነስ ነው። 60 ተማሪዎች በአንድ ኳስ፣ በአንድ ሰልፍ ቢሰለፉና የእያንዳንዱ ተራ 20 ሴኮንድ ቢወስድ አንዱ ዙር ብቻ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ኳሱን የሚነካው 1 ጊዜ ነው። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር 12 የጨርቅ ኳሶች ሠርቶ ክፍሉን እያንዳንዳቸው 5 ልጆች ባሉባቸው 12 ቡድኖች ቢከፍል፣ በዚያው 20 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ 12 ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው የአደረጃጀት ዕውቀት ነው። ለመስመር ማስመሪያ አመድ፣ ለምልክት ድንጋይ፣ ለግብ ቋሚና ለቅብብል ዱላ የባሕር ዛፍ እንጨት በአካባቢው አይታጣም። ጭድ የሞላባቸው ጆንያዎችም ተሰፍተው ሲያያዙ ለመንከባለል ልምምድ ማለስለሻ ይሆናሉ።

የአካባቢው ጨዋታዎችም ሌላ ሀብት ናቸው። የገና ጨዋታ ሩጫን፣ የዱላ አመታትንና የቡድን ስልትን ያስተምራል። ቅልብልቦሽ የእጅና የዐይን ቅንጅትን፣ ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅን፣ ገመድ ዝላይ ምትን ጠብቆ መንቀሳቀስን፣ አባሮሽ ፈጥኖ አቅጣጫ መለወጥን ያለማምዳሉ። መምህሩ እነዚህን እንዳሉ አይወስዳቸውም። የገናው ዱላ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ ደንብ ያወጣል፤ ሩሩንም በጨርቅ ይተካል፤ የሜዳውን ስፋትና የተጫዋቹን ቁጥር ይወስናል። ልጃገረዶችንም ተመልካች አድርጎ ማስቀመጥ አይገባም። ለእንቅስቃሴ በሚመች ልብስ እንዲሳተፉ ከወላጆች ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ በወር አበባ ጊዜም ሳይሸማቀቁ ቀለል ያለ ልምምድ የሚመርጡበትን መንገድ ማዘጋጀት የመምህሩ ሥራ ነው።

ሦስተኛውና አሳሳቢው ጉዳይ አደጋ ነው። በገጠር አንድ ልጅ ወድቆ እጁ ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ያበጠን አካል ወዲያው ማሸት ወይም የተሰበረን አጥንት መሳብ ጉዳቱን ያባብሳል። ስብራት እጅግ ተጠብቆ ሲታሰር የደም ዝውውር ተቋርጦ አካሉ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ የአገራችን ሐኪሞች መዝግበዋል። የሠለጠነ መምህር የተጎዳውን አካል ሳያንቀሳቅስ በእንጨትና በጨርቅ ይደግፋል፤ የጣቶቹን ቀለምና ሙቀት ይመለከታል፤ ልጁንም ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። ለወላጆችም ምክንያቱን በአክብሮት ያስረዳል። እንዲህ ያለው ዕውቀት የአንድን ልጅ እጅ ወይም እግር ሊያድን ይችላል።

4. አስተውሎ የሚያይ መምህር

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በደጋ ትምህርት ቤት ምን ሊሠራ እንደሚችል የአርሲዋ በቆጂ ታስረዳለች። በዚያ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥኗል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች።

ይሁንና ከዚህ ምሳሌ ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ከፍታው፣ ዳገቱና የልጆቹ ብርታት በብዙ የአገራችን ደጋዎች ይገኛሉ። በበቆጂ የተጨመረው ልጆችን በየቀኑ የሚመለከትና ልምምዳቸውን በሥርዓት የሚመራ መምህር ነው። ያም ሆኖ መምህሩ የሚለካው ባወጣቸው ሻምፒዮናዎች ብዛት ሊሆን አይችልም። ከ60 ተማሪዎች መካከል ፈጣኑን መለየት ቀላል ነው። በሰልፉ መጨረሻ የሚቆመው፣ የሚያነክሰው ወይም የሚያፍረው ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ምን ማድረግ ቻለ የሚለው ጥያቄ የመምህሩን ሙያ ይበልጥ ይፈትናል።

5. ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርቡ ሐሳቦች

በመጀመሪያ፣ የጽሑፍ ፈተና የመምህሩን ዕውቀት ይለካል እንጂ 60 ልጆችን በሜዳ ላይ ያለ አደጋ የማሠራት ችሎታውን አያሳይም። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ማኅደረ ተግባር የሜዳውን ሥራ የሚያሳይ ማስረጃ ሊይዝ ይገባል። ይኸውም በባልደረባ የታየ ትምህርት መግለጫ፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ለውጥ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የሚያሳይ መዝገብ፣ የደረሱ ጉዳቶችና የተሰጠው ዕርዳታ ዝርዝር፣ በአካባቢው የተሠሩ መሣሪያዎች መግለጫ ነው።

ሁለተኛ፣ የዕጩዎች የማስተማር ልምምድ ለኮሌጆች ቅርብ በሆኑት የከተማ ትምህርት ቤቶች ብቻ እንዳይወሰን ማድረግ ያስፈልጋል። በፍኖተ ሰላም የሚሠለጥን ዕጩ ጥቂት ሳምንታትን እንኳ በደጋው የገጠር ትምህርት ቤት ቢያሳልፍ፣ ኋላ በፈቃድ ከሚሠራበት ሁኔታ ጋር አስቀድሞ ይተዋወቃል።

ሦስተኛ፣ የሠለጠነውን መምህር ለሌላ ትምህርት ማሟያ አድርጎ መመደብ፣ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜ ደግሞ ኳስ ሰጥቶ ወደ ሜዳ መልቀቂያ ማድረግ ሊቀር ይገባል። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ፈቃዱ በመሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ከመሆን አያልፍም።

አራተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ከቀለም ትምህርቱ ጎን በደንብ የሚመራ ጨዋታ ያስፈልገዋል። ክፍለ ጊዜ ሲጣበብ በመጀመሪያ የሚሠረዘው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዳይሆን ርእሳነ መምህራን ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

በፈረስ ቤት ወላጅ ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ሊመለስ የሚችለው በእነዚህ ተግባራት ነው። ልጁ ቀድሞ ያልቻለውን ሲችል፣ ሸክሙን ሳይጎዳ ሲያነሣ፣ ጓደኛው ሲወድቅ እንዴት እንደሚረዳው ሲያውቅ ወላጁ የትምህርቱን ጥቅም በቤቱ ያየዋል።