ከዴራ እስከ አሰላ፦ በማናውቀው የቅዳሴ ሥርዓት ውስጥ እንግዳ መሆን

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚያቀናው መንገድ ላይ በምትገኘው የዶዶታ ወረዳ ከተማ ዴራ፣ የተለያየ እምነት ያላቸው ጎረቤታሞች በዕድር ይረዳዳሉ። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክለውም ሆነ አስከሬን የሚሸከመው የሟች የእምነት ባልንጀራ ብቻ አይደለም። ይሁንና አጀቡ ከቤተ እምነቱ ደጃፍ ሲደርስ ብዙ ለቀስተኛ አጥር ጥግ ይቀራል። እንግባ ወይስ እንቅር የሚለው ጥያቄ በሹክሹክታ ይነሣል።

ይኸው ጥያቄ በእኛም ላይ ደርሷል። የአንድ የግብርና ባለሙያ ወዳጃችን እናት ባረፉ ጊዜ ከዴራ ቆላማ ማሳዎች ተነሥተን፣ ኢተያንና ጎንዴን አልፈን፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ወዳለችው አሰላ ወጣን። ጸሎተ ፍትሐቱ የሚፈጸመው በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከደጃፉ ስንደርስ እግራችን ዘገየ። አብረውን የተጓዙ አንድ አዛውንት፣ ሐዘንተኛን እስከ በር አጅቦ ብቻውን ማስገባት እንደሚከብዳቸው ተናግረው ቀድመው ገቡ። እኛም ተከተልናቸው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዳሴ ላደገ ሰው የመጀመሪያው እንግዳ ነገር ጫማ አለመወለቁ ነው። ምእመናኑ በመቋሚያ ተደግፈው አይቆሙም፤ በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው አልተለዩም። መሠዊያው በመጋረጃ አልተሸሸገም፤ ካህኑም ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ይቀድሳሉ።

ጥቂት ሲቆዩ ግን አካሄዱ የሚታወቅ ይሆናል። በሁለቱም ሥርዓቶች አስቀድሞ ቅዱሳት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ ወንጌል ሲነበብ ሕዝቡ ይቆማል። ከዚያም ኅብስቱና ወይኑ ይቀርባል፤ ጌታ በመጨረሻው እራት የፈጸመው ይታሰባል፤ የተዘጋጁት ይቆርባሉ። እንግዳውን የሚያደናግረው የመነሣትና የመቀመጥ ጊዜ ነው። በኦርቶዶክስ ቅዳሴ ዲያቆኑ ሕዝቡን እንዲነሣ፣ እንዲሰግድ፣ እንዲመለከት በዜማ ያዝዛል። በላቲን ሥርዓት ግን ምእመናኑ አብዛኛውን የሚያደርጉት በልማድ ነው። ስለዚህ ከኋላ ተቀምጦ የፊተኞቹን መመልከት ይበጃል።

የአርሲ ካቶሊኮች ለምን በላቲን ሥርዓት ይቀድሳሉ? በአገራችን የሚገኙ ካቶሊኮች ሁሉ ሥርዓታቸው አንድ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከቶች የሚቀደሰው በግእዝ ሥርዓት ነው። አርሲ የሚገኝበት የመቂ ሐዋርያዊ ቪካርያት ግን እንደ ሌሎቹ የደቡብና የምዕራብ ቪካርያቶች የላቲን ሥርዓት ይከተላል። መነሻው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ማስያስ የተመራው የካፑቺን ሚስዮናውያን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1965 የተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በየአገሩ ቋንቋ መቀደስን ስለ ፈቀደ፣ ሥርዓቱ ላቲን ቢባልም በአርሲ የሚሰማው ቋንቋ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ነው።

ቁርባን ለእንግዳ አይሰጥም። ይህ ግን መናቅ አይደለም፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የሚቆርበው የተጠመቀና የተዘጋጀ ምእመን ብቻ ነው። ዝግጅቱም ይለያያል፤ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማል፤ በላቲን ሥርዓት የታዘዘው አንድ ሰዓት ነው። ቆራቢዎች ሲነሡ በቦታው መቀመጥ ነውር አይደለም። ምእመናኑ ሲንበረከኩም እንግዳው በጸጥታ ቢቀመጥ ማንም አይቆጣውም። በሌላ ቤተ እምነት ጸሎት መሳተፍን እምነቱ የሚከለክለው ሰው በግቢው ቢቆም ሐዘንተኛውን አላቃለለም፤ የሚጠራጠር ደግሞ የራሱን የሃይማኖት አባት አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የአጥር ጥጉ ማመንታት የታሪክ ጠባሳም አለበት። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ እምነቱንና ሥርዓቱን በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ለመጫን ሞከሩ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሥርዓት በግድ ሲጫን ያ ሁሉ ሰው አልቋል። በአሰላ ግን ማንም ማንንም አላስገደደም፤ የጠራን የወዳጃችን ሐዘን ነበር።

ከቁርባን በፊት ካህኑ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ጋበዙ። በፊታችን የተቀመጡት የማናውቃቸው ሰዎች ዞረው እጃቸውን ዘረጉልን፤ አዛውንቱም በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። በፍጻሜው ካህኑ በሣጥኑ ላይ ጸበል ረጩ፤ ዕጣንም አጠኑ። ሽታው ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው ነው።

ሣጥኑ ሲነሣ ወዳጃችን ወደ ኋላ ዞሮ የዴራን ሰዎች አየ። ምንም አልተናገረም። ከደጃፉ እስከ መቃብሩ ድረስ ግን ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ሁለቱ ከእኛው ነበሩ።