የቆየ ሙቀጫ፦ ዋጋ አለው፣ ገበያ አለው ወይ?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ በእህል ነጋዴ ዘንድ የታወቀ ነው። በዚሁ መስመር ግራና ቀኝ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ቤቶች ግን ከእህል ሌላ የደላላን ዓይን የሚስብ ዕቃ አለ። ይኸውም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ እንዲሁም ገበቴና ቆሪ ነው። ሙቀጫው የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ የአገር መድኃኒትም ይወቀጥበታል። የኮሶ አበባ በ19ኛው መቶ ዘመን እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ድረስ ደርሶ እንደነበር ልብ ይሏል።

ወፍጮ ቤትና የፕላስቲክ ዕቃ ሲስፋፋ አሮጌው ሙቀጫ ከጓዳ ይወጣል። ባለቤቷ በአዲስ ሙቀጫ ዋጋ ትሸጠዋለች፤ ትርፉ የሚቀረው ዕድሜውን ከሚያውቀው ዘንድ ነው። በመሆኑም የገበያው ቁልፍ መረጃ ነው።

ዕድሜ በጥቁረት አይለካም። ጭስና ቅባት አዲሱን እንጨት በጥቂት ቀናት ያጠቁሩታል። አስተማማኙ ምልክት በዘነዘና ብዛት የተቦረቦረው ወለሉ፣ የመሮው አሻራና የአፉ ክብ መጣመም ነው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለማይኮማተር የቆየ ዕቃ ፍጹም ክብ ሆኖ አይገኝም። አፉ ፍጹም ክብ፣ መስመሩም እኩል ከሆነ የማሽን ሥራ መሆኑ ይጠረጠራል።

ይሁን እንጂ ባለሀብቱ ሊያሰላው የሚገባ ትልቅ ጉዳይ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሙቀጫው ጥንታዊነቱ ከተረጋገጠ ወደ ውጭ ገዢ አይደርስም፤ ቅርስ አይደለም ተብሎ ካለፈ ደግሞ የሚያወጣው የማስታወሻ ዕቃ ዋጋ ብቻ ነው። በጥንታዊነት ስም የተከፈለው ጭማሪ በመጋዘን ታስሮ ይቀራል ማለት ነው።

አዲስ የተፈለፈለ ዕቃ ይህ ችግር የለበትም፤ ችግሩ እንጨቱ ነው። ለፍልፈል የሚመቸው ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ በዚህ ንግድ መሰማራት የሚሻ ሰው ከገበሬ ማሳ ዳር የበቀለ ዋንዛና የሠለጠነ እጅ ቢፈልግ ይሻለዋል። አዲሱን አዲስ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉ ያንሳል፤ ገንዘቡ ግን ይዞርለታል።