የአንዱ ትንፋሽ ወደ ሌላው እንዳያልፍ

ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ሰው ከሰመመን ማሽኑ ጋር ትንፋሽ ይቀባበላል። አንድ አዋቂ በደቂቃ 12 ጊዜ ያህል፣ በእያንዳንዱም ግማሽ ሊትር ገደማ አየር ቢተነፍስ፣ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ኦፕራሲዮን ከ700 ሊትር በላይ አየር በቱቦው ይመላለሳል። ከአየሩ ጋር እርጥበት፣ የምራቅና የአክታ ጠብታ፣ አንዳንዴም ደም አብሮ ይወጣል። ከእሱ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው ሰው ደግሞ የሚተነፍሰው በዚያው ማሽን ነው።

ብዙዎቹ ማሽኖች የወጣውን አየር አይጥሉትም። አየሩ በአንደኛው ቱቦ ሄዶ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚከፈት ቫልቭ በኩል ያልፍና ሶዳ ላይም የሚባል ነጭ እንክብል ወደተሞላ ዕቃ ይገባል። እንክብሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስቀራል፤ የተረፈው ጋዝ በሌላኛው ቱቦ ተመልሶ ሳንባ ይደርሳል። ይህን የዙር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1930 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ብሪያን ስወርድ ነው። የሰመመን ጋዝ ይቆጥባል፤ ሙቀትና እርጥበትም ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ያው እርጥበት በቱቦው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ሶዳ ላይም ጠንካራ አልካሊ ቢሆንም ተዋሲያንን ሁሉ ይገድላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የአደጋውን ክብደት ካሳዩት ክስተቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ሲድኒ ደረሰ። በአንድ የግል ሆስፒታል ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ሰዎች በሄፓታይተስ ሲ መያዛቸው ታወቀ። መርማሪዎቹ ጥርጣሬያቸውን የጣሉት ሕመምተኞቹ በተጋሩት የማደንዘዣ መተንፈሻ መስመር ላይ ነበር። ሄፓታይተስ ሲ በዋናነት በደም የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ሲገባ የሚፈጠር ትንሽ ጭረት እንኳ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ባለሙያዎች ተረዱ። የብሪታንያ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1996 ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አዲስ ፊልተር እንዲገጠም፣ ያለዚያ የመተንፈሻ መስመሩ ራሱ እንዲቀየር መከረ።

ፊልተሩ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ ነው። የሚገጠመውም ሁለቱ ቱቦዎች ከሚገናኙበት መጋጠሚያ ቀጥሎ፣ ከሕመምተኛው አፍ አጠገብ ነው። ብዙ ሰው እንደ ወንፊት የሚሠራ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ትልልቅ ቅንጣቶች አየሩ ሲታጠፍ አብረው መታጠፍ ስለማይችሉ ከክሮቹ ጋር ይጋጫሉ። እጅግ ደቃቆቹ ደግሞ በአየር ሞለኪውሎች እየተገፉ ሲዋልሉ ክር ላይ ያርፋሉ። ለመያዝ የሚያስቸግሩት መሀል ላይ ያሉት፣ 0.3 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆኑት ናቸው። ስለዚህ የፊልተር ብቃት የሚፈተነው በእነዚህ ነው እንጂ በደቃቆቹ አይደለም።

ፊልተር ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በኤሌክትሪክ ሙል የሚሠራው ዓይነት አየር በቀላሉ ያሳልፋል፤ ፈሳሽ በግፊት ሲመጣበት ግን ሊያሾልክ ይችላል። ታጥፎ የተደራረበውና ውሃ የማይቀበለው ዓይነት ፈሳሽን ይበልጥ ይቋቋማል። የትኛውም ቢሆን በአክታ ከተደፈነ የሕመምተኛውን ትንፋሽ ያፍናል፤ በመሆኑም የአየር ግፊቱ በድንገት ሲጨምር ባለሙያው መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ፊልተሩ ነው። አንድ ሰው የተጠቀመበትን ለሌላው ማቆየትም ቁጠባ ሊባል አይችልም። ፊልተሩ የያዘው ቆሻሻ ያለው በሕመምተኛው በኩል ባለው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ተመልሶ ሲገጠም የሚቀመጠው በቀጣዩ ሰው አፍ ፊት ነው።

ከፊልተሩ ሌላ፣ ታጥበው ዳግም የሚያገለግሉ ማስኮችና ጉሮሮ ለማየት የሚያገለግለው የላሪንጎስኮፕ ምላሶች ከአፍና ከጉሮሮ ስስ ሽፋን ጋር ይነካካሉ። አሜሪካዊው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ኧርል ስፖልዲንግ ባወጣው ምደባ መሠረት፣ እንዲህ ያለ ዕቃ መጥረግ ብቻ አይበቃውም፤ ከፍተኛ ደረጃ ያለው የፀረ-ተዋሲያን ሕክምና ወይም ማምከን ያስፈልገዋል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ በደንብ ይታጠባል፤ አለዚያ የደረቀ አክታና ደም ተዋሲያኑን ሸፍኖ ስለሚከልላቸው ተዋሲያን ገዳዩ ኬሚካል ሳይደርስባቸው ይቀራል። ከኬሚካሉ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ የኬሚካል ቅሪት የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላልና። በመጨረሻም እርጥበት ሳይቀርበት ይደርቃል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዕቃ ግን ይህን ሂደት እንዲችል ሆኖ አልተሠራም።

ፊልተሩ የማያቆመው አንድ መንገድ አለ፤ እሱም እጅ ነው። በአሜሪካ ዳርትመዝ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በማሽኑ ላይ ያለውን የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭና የሰመመን ጋዝ መጠን የሚስተካከልበትን ቁልፍ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ መርምረዋል። የሰመመን ባለሙያው ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ባስገባበት እጁ የሚያዞራቸው እነዚህኑ ነው። በዚያው ጥናት ከሕመምተኞቹ 32 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተዋሲያን የደም ሥር መድኃኒት መስጫው ድረስ ተሻግረው ተገኝተዋል። ስለዚህ በሁለት ሕመምተኞች መካከል ባለው አጭር ጊዜ ፊልተር መቀየሩ ብቻውን አይበቃም፤ ቫልቩና ቁልፎቹ መጠረግን፣ ቱቦ ያስገባው እጅም ጓንቱን አውልቆ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት መጽዳትን ይፈልጋሉ።