«አጎቱ አለ?»

የልዕለ ጀግኖችን የቤተሰብ ታሪክ ላገላበጠ ሰው መንደሩ ሁሉ ለቅሶ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ብቅ ያለው ሱፐርማን የተወለደባት ፕላኔት ከነወላጆቹ ፈንድታለች። በዓመቱ የመጣው ባትማን እናትና አባቱ ዓይኑ እያየ ተገድለውበታል። በ1962 የተፈጠረው ስፓይደርማን ወላጆች ስለሌሉት ያሳደጉት አጎቱ ቤንና አክስቱ ሜይ ናቸው፤ አጎትየው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ታሪክ በሌባ ጥይት ይሞታል። የእኛ ነው ብለን የምንኮራበት ብላክ ፓንተርም ቢሆን አባቱ የተገደለበት ልጅ ነው። ለደራሲዎቹ ይህ ሥራ ያቀላል። ወላጅ ያለው ልጅ በእኩለ ሌሊት ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ማን ዝም ብሎ ያየዋል? «ግባና እራትህን ብላ!» የምትል እናት ካለች ታሪኩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያበቃል።

ነገሩ እኛ ቤት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ገርጂ ባለው ቤታችን የሟች እህቴን ልጅ እናሳድጋለን። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በቦሌ በኩል ባለፈ ቁጥር ሻንጣው ውስጥ ለእሱ የተቀመጡ ጥቂት ኮሚኮች አይጠፉም፤ እኔም ከልጁ እኩል ሱሰኛ ከሆንኩ ቆይቻለሁ። ስፓይደርማንን የወደደው ግድግዳ ስለሚወጣ አይመስለኝም። በአጎቱ ቤት የሚያድግ ልጅ ስለሆነ ነው። ቤን የሚሞትበት ቦታ ሲደርስ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ይዞ ይገለብጣል። እኔም እንዳላየ ሆኜ አልፋለሁ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ማርቭል «አልቲሜት ስፓይደርማን» የተባለ ተከታታይ ሲጀምር በቅርብ ዓመታት ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠውን አገኘሁ። ጸሐፊው ጆናታን ሂክማን፣ ዋናው ሠዓሊ ማርኮ ኬኬቶ ነው። እዚህ ፒተር ፓርከር ጎረምሳ አይደለም። በሠላሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ከሜሪ ጄን ጋር ትዳር የመሠረተ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። በልጅነቱ ሊነድፈው የሚገባው ሸረሪት በተንኮል ስለተከለከለ ያለ ኃይል አድጓል። አሁን ግን ዕድሉ ሲመጣለት ቤት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ሥራ አለው። ምሥጢሩን ከሚስቱ ቀድማ የምታውቀው ትንሿ ልጁ ናት። ጥቁሩ ልብሱ ያስፈራል ብላ ቀዩንና ሰማያዊውን የምታስመርጠውም እሷ ናት። አባት የሆነ ሰው ይህን ገጽ ሳይስቅ የሚያልፈው አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አጎት ቤን በሕይወት አለ።

ልጃችን አዲስ እትም በመጣ ቁጥር ሽፋኑን ሳይከፍት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አጎቱ አለ?» አስቀድሜ አንብቤ «አለ» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጦ የሚያነበው። ይህን ጥያቄ ስለ መጽሐፉ ብቻ እንዳልሆነ አድርጌ ነው የምሰማው፤ ስለዚህ ስመልስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

አያቶች ካነበቡት ከሸረሪቱ ይልቅ ቤንን እንደሚወዱት እገምታለሁ። ሚስቱ ሜይ ሞታበታለች፤ ሐዘኑ አልወጣለትም። ከጓደኛው ከጆና ጄምሰን ጋር ለዓመታት የሠሩበት ጋዜጣ በባለጸጋው ወንጀለኛ በዊልሰን ፊስክ እጅ ሲወድቅ ሁለቱም ጥለው ይወጡና የራሳቸውን ጋዜጣ ይጀምራሉ። ጭምብል የለ፣ ድር የለ፤ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቢሮ ብቻ። ለግል ጋዜጣ ስለምጽፍ አድልቼ እንደሆነ የሚጠረጥር ካለ አልከራከረውም። እንከን ካነሳን አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። አራተኛው እትም ከሞላ ጎደል አንድ የእራት ግብዣ ነው፤ ልጁ «ጠብ የታለ?» ብሎ አኩርፏል፤ እኔ ግን ባልና ሚስት በሰው ፊት ሲደጋገፉም ሲነካኩም የሚያሳየውን ያን እራት ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ዲሲ በበኩሉ በዚያው ዓመት ጥቅምት «አብሶሉት ባትማን»ን አወጣ። ስኮት ስናይደር ጽፎ ኒክ ድራጎታ ሥሎታል። ቤተ መንግሥት የመሰለው መኖሪያ ቀርቷል። አሳዳሪ የነበረው አልፍሬድ እዚህ ሰላይ ነው። ብሩስ ዌይን የሠራተኛ ሰፈር ልጅና መሐንዲስ፣ አባቱ ደግሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። አባትየው ሞቷል፤ እናቱ ማርታ ግን አለች። በድሮዎቹ መጻሕፍት ጠላቶቹ የነበሩት ፔንግዊንና ሪድለር ሳይቀሩ አብሮ አደጎቹ ሆነዋል። በእኛ ሰፈር ቋንቋ አብረው ኳስ ያንከባለሉ ልጆች ናቸው እንደ ማለት ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ነገር ግን ደሙ በዛ። መጥረቢያ የያዘ ጀግናና የተቆረጠ እጅ የሚታይበትን መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አልሰጥም፤ አልሰጠሁምም። ቁም ሣጥን ላይ ነው የማስቀምጠው። ወላጆች «የሥዕል መጽሐፍ ነው፣ የልጅ ነው» ብለው አይሸወዱ። በትንሽ ፊደል የዕድሜ መጠቆሚያ የሚታተምባቸው አሉ፤ እሷን ፈልጎ ማየት፣ ከዚያም ማገላበጥ ነው።

ከዚሁ ቤት የወጣውና ኬሊ ቶምሰን የጻፈችው «አብሶሉት ዎንደር ውማን» ይሻላል። ጀግናዋን በሲኦል ውስጥ ያሳደገቻት ጠንቋይዋ ሰርሲ ናት። ሕፃኗን ሳትፈልግ የተቀበለች ሴት ቀስ በቀስ እናት ስትሆን ያሳያል። ይህን ግን ለትንንሾቹ ሳይሆን ከፍ ላሉ ልጆችና የሰው ልጅ ለሚያሳድጉ አዋቂዎች ነው የምመርጠው። አጋንንቱ ብዙ ናቸው።

የባሕር ማዶው ይብቃ። እ.ኤ.አ. በ2018 በስራት ደበበ ባቋቋመው ኢታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር» በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። የድርጅቱ ስም ከእጣን የመጣ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሳለ ነው ድንገት ኃይል የሚያገኘው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣችው ሃዊ ደግሞ ከአሜሪካ ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የምትመለስ ወጣት ናት። እናቷ ትታገታለች፤ ልጅቷም ፍለጋ ትወጣለች። የሞተ ወላጅ መበቀል ሳይሆን በሕይወት ያለች እናት መፈለግ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ልዩነት ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠሩት ሰዎች ያዘጋጁትን «ጥበብ ገርልስ»ንም ሴት ልጅ ያላችሁ ፈልጉት፤ ሦስት ልጃገረዶች በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን ጎጂ ልማድ ይታገሉበታል።

የእኛ ልጅ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛ ሲያነብ ኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና ነው። «ጀምበር»ን ግን እሁድ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ለእናቴ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ኮሚክ ስትባል «ጭምብል ያጠለቀ ወመኔ» ትል የነበረችው እናቴ አሁን መነጽሯን ታደርግና ሥዕሉን አብራው ታያለች፤ የሳታትን ፊደል ታርመዋለች፤ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነው። ባለፈው እሁድ አማኑኤል ከባድ ፍልሚያ ላይ እያለ አቋረጠችው።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄ ልጅ ሥራ አገኘ?»

«እማማ፣ እየተደባደበ እኮ ነው!»

«ይደባደብ። ሥራውን ነው የጠየቅኩህ።»