ጓዳ የገባው መሶብ፦ የድረ ገጽ ክፍሎች ሲደበቁ የት ይሄዳሉ?

ስልክዎ ላይ በብሮውዘር ዊኪፔዲያን ይክፈቱና አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይምረጡ። ከመግቢያው በታች ያሉት ክፍሎች ታጥፈው ርዕሳቸው ብቻ ተደርድሮ ካገኙ፣ አሁን ዳታዎን ያጥፉ። ከዚያ አንዱን ርዕስ ነካ ያድርጉት። ኢንተርኔት የለም፤ ጽሑፉ ግን ወለል ብሎ ይከፈታል። ከየት መጣ? ገጹን ሲከፍቱ አብሮ ገብቶ እስኪጠራ ድረስ ስልክዎ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ድረ ገጽ ማወቅ ካለብን ቁም ነገሮች አንዱ በዚህች ትንሽ ሙከራ ውስጥ አለ። እዚያ የተደበቀ ነገር አልጠፋም፤ ከዓይን ብቻ ነው የራቀው።

ብሮውዘር ሰርቨር ከሚባል ሩቅ ኮምፒውተር የሚደርሰው ኤችቲኤምኤል የሚባል ተራ ጽሑፍ ነው። ያንን አንብቦ በመሣሪያው ሚሞሪ ውስጥ ዛፍ የመሰለ መዋቅር ይሠራል፦ ገጹ ግንድ፣ ክፍሎቹ ቅርንጫፍ፣ አንቀጾቹና ፎቶዎቹ ቅጠል። ባለሙያዎች ዶም ይሉታል። የመጀመሪያው የዶም መሥፈርት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዛፉ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን የሚነካው ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን በ3 ዓመት ይቀድመዋል፤ ብሬንደን አይክ የመጀመሪያ ቅርጹን በኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር።

«ተጨማሪ» የሚል ቁልፍ ያለበት ገጽ እናስብ። ጃቫስክሪፕት የሚደበቀውን ክፍል በመለያ ስሙ ከዛፉ ላይ ይፈልጋል። ከዚያ ቁልፉ እስኪነካ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። ሲነካ ክፍሉን ያያል፦ ተደብቆ ከሆነ ይገልጠዋል፣ ተገልጦ ከሆነ ይደብቀዋል። ኮዱ በጥቂት መስመሮች ያልቃል። ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ብሮውዘሩ ነው። አንድ ክፍል ሲደበቅ ከሥሩ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይሳባል፤ እያንዳንዱ መስመር የት እንደሚያርፍ እንደገና ይሰላል፤ ስክሪኑም እንደገና ይሳላል። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ ወደ 16 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው።

የመደበቂያው መንገድ ግን አንድ አይደለም። ምሳ ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ መሶቡ ምን እንደሚሆን ያስቡ። ክዳኑ ተደፍቶበት እዚያው ቢቀመጥ እንጀራው አይታይም፤ መሶቡ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ተነስቶ ጓዳ ቢገባ ደግሞ ሳሎኑ ይሰፋል። የገጹን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ ሁለቱንም ያውቃል። «ቪዚቢሊቲ ሂደን» ሲባል ክፍሉ ከዓይን ይሰወራል፣ ባዶ ቦታው ግን ይቀራል። «ዲስፕሌይ ነን» ሲባል ቦታውንም ይለቃል። በሁለቱም መንገድ ክፍሉ ከዛፉ አልተቆረጠም፤ መሶቡም ከቤት አልወጣም።

ይህ ኪስንም ይነካል። ጓዳ በገባ ክፍል ውስጥ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ይወርዳል። በሜጋባይት ለሚከፍል አንባቢ ይህ ላልቀመሰው ምግብ ሒሳብ መክፈል ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ፎቶው የሚታይበት ጊዜ ሲደርስ ብቻ እንዲወርድ ያዝዛል።

ማየት የተሳናቸው አንባቢዎችም አሉ። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም «ዲስፕሌይ ነን» የተባለውን ክፍል ይዘልለዋል፤ ቀለሙ ብቻ ብርሃን አሳላፊ የሆነውን ክፍል ግን ለዓይን ባይታይም ያነበዋል። ቁልፉም ክፍሉ ክፍት ይሁን ዝግ በቃል መናገር አለበት፤ «አሪያ ኤክስፓንድድ» የተባለው ምልክት ለዚሁ ነው። ይህንን የማጠፍና የመዘርጋት ሥራ ያለ ጃቫስክሪፕት የሚሠራ የኤችቲኤምኤል ክፍልም አለ፤ «ዲቴልስ» ይባላል። ለቀላል ጉዳይ እሱ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የምሥጢር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ሴንት ሉዊስ ፖስት-ዲስፓች የተባለው ጋዜጣ አንድ ነገር ደረሰበት። በግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የመምህራን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሮች ከገጹ ኮድ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ገጹን ለሚያይ ሰው አይታዩም፤ ኮዱን ለሚገልጥ ግን እዚያው ናቸው። ለአደጋ የተጋለጡት ቁጥሮች ከ100,000 በላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጋዜጣው ዘገበ፤ ዘገባውንም ስህተቱ እስኪታረም ድረስ አቆይቶት ነበር። የግዛቱ ገዥ ማይክ ፓርሰን ዘገባውን የሠራውን ጋዜጠኛ በሰርጎ ገብነት ወንጅለው ለሕግ እንደሚያቀርቡት ዛቱ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ዐቃቤ ሕጉ ክስ እንደማይመሠረት አስታወቀ።

ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመሮች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የፈተና መልስ፣ የደንበኛ ስልክ፣ የአስተዳዳሪ ቁልፍ «ዲስፕሌይ ነን» ብለው ይደብቁና ጓዳ አስገብተን ቆለፍን ብለው ያርፋሉ። ነገር ግን ያ ጓዳ የባለ ድረ ገጹ አይደለም። ገጹ ተልኮ አንባቢው መሣሪያ ውስጥ ገብቷል፤ ጓዳውም በሩም የአንባቢው ነው። በገዛ ጓዳው የገባውን መሶብ ከፍቶ ቢያይ ማን ይከለክለዋል?

ስለዚህ ለንባብ እንዲመች፣ ገጹ እንዳይጨናነቅ ሲባል ክፍሎችን ማጠፍና መዘርጋት መልካም ጥበብ ነው። ሰው ማየት የሌለበት ነገር ግን መጀመሪያውኑ ከሰርቨሩ መውጣት የለበትም።