የዳይፐር ዱቄት ገበያ፦ ብዙ የመጠጠ ሁሉ አያዋጣም

አንድ የሕፃናት ዳይፐር ተቀድዶ ቢራገፍ ከጥጥ መሰሉ ቃጫ መሐል ስኳር የሚመስል ነጭ ብናኝ ይረግፋል። ክብደቱ አሥር ግራም ገደማ ነው። ፈሳሹን ይዞ የሚያስቀረው ግን በዋናነት እሱ ነው። በንግዱ ዓለም “ሳፕ” ይባላል፤ የኬሚካል ስሙ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው።

ሻጮች “የክብደቱን 300 እጥፍ ውሃ ይመጥጣል” ማለት ይወዳሉ። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ፕሮፎርማ ይዞ ዋጋ ለሚያወዳድር ገዢ እምብዛም አይጠቅመውም። ለምን ቢባል፣ መልሱ ያለው ብናኙ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው።

የቋጠሮው ነገር

መነሻው ከነዳጅ ተዋጽኦ ከፕሮፒሊን የሚገኘው አክሪሊክ አሲድ ነው። አሲዱ ውሃ ውስጥ ሆኖ አብዛኛው ክፍሉ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ከተዋሐደ በኋላ፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ሰንሰለቱ ብቻውን ቢቀር ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ በጣም አነስተኛ መጠን ያለው ማያያዣ ኬሚካል ይጨመርና ሰንሰለቶቹን እዚህም እዚያም እየቋጠረ መረብ ያደርጋቸዋል። መረቡ ውሃ ሲገባው ያብጣል እንጂ አይሟሟም። ሃይድሮጄል የሚባለው ይኸው ነው።

ጄሉ ተቆራርጦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በወንፊት ሲለይ የተለመደውን ብናኝ ይሰጣል። በሌላ ዘዴ ደግሞ የአሲዱ ውሃ ከውሃ ጋር በማይቀላቀል ፈሳሽ ውስጥ እየተማሰለ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። እያንዳንዱ ጠብታ እዚያው ጠንክሮ ድቡልቡል ፍሬ ይሆናል።

ዋጋውን የሚለየው የቋጠሮው ብዛት ነው። ቋጠሮው ከሳሳ ብናኙ ብዙ ይመጥጣል። ነገር ግን ጄሉ ስለሚላላ፣ ሕፃኑ ሲቀመጥበት ፍሬዎቹ ተጣብቀው የፈሳሹን መተላለፊያ ይዘጋሉ፤ ዳይፐሩም ያፈሳል። ቋጠሮው ከበዛ ጄሉ ይጠነክራል፤ የሚይዘው ግን ያንሳል። ጥሩ አምራቾች የፍሬውን ውስጥ አላልተው ገጹን ብቻ በሁለተኛ ዙር ይቋጥሩታል። ይህ ሥራ ወጪ አለው፤ በዓይን ግን አይታይም።

ሁለቱ ቁጥሮች

ሌላው ጉዳይ ጨው ነው። 300 እጥፍ የሚባለው ለንጹሕ ውሃ ነው። ሽንት ግን ጨው አለው፤ ጨው ደግሞ ውሃውን ወደ መረቡ የሚስበውን ኃይል ያዳክማል። በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ ሲሞከር መጠኑ ከ30 እስከ 60 እጥፍ ወደሚሆን ይወርዳል።

በመሆኑም አዋቂ ገዢ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል። አንደኛው፣ የጨው ውሃ ጠጥቶ በማሽን ከተሽከረከረ በኋላ ይዞ የሚቀረው ነው። ሁለተኛው፣ ክብደት ተጭኖበት የሚመጥጠው ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ዕቃ 40 እና 10፣ ሌላው 32 እና 24 ቢያስመዘግቡ፣ በኪሎ ቢወደድም ለዳይፐር የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

የዋጋው ምንጭ

ሳፕ ከነዳጅ ስለሚመነጭ ዋጋው የዘይትን ገበያ ይከተላል። ከዚህም በላይ ትልልቅ አምራቾቹ ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2012 ጃፓን ሂሜጂ በሚገኘው የኒፖን ሾኩባይ ፋብሪካ አንድ የአክሪሊክ አሲድ ታንክ ፈንድቶ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሞተ፣ 36 ሰዎች ተጎዱ። ኩባንያው በጊዜው ከዓለም የሳፕ ምርት 20 በመቶ ያህሉን የሚያቀርብ ስለነበር ጭንቀቱ እስከ ዳይፐር ፋብሪካዎች ደረሰ። ከአንድ አቅራቢ ጋር ብቻ የተሳሰረ ነጋዴ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ኤል.ሲ. ከመከፈቱ በፊት

ናሙና አስልኮ መሞከር ከባድ አይደለም። በአንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም የገበታ ጨው ይሟሟል። ከዚያ ላይ 100 ግራም ተቀድቶ አንድ ግራም ብናኝ ይጨመርበታል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጨርቅ ተጠልሎ ጄሉ ይመዘናል። ቀጥሎ ጄሉ በጣት ይጨመቅ፦ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ከቆየ ደህና፣ ከተላቆጠ አጠራጣሪ ነው። ሙከራው የላቦራቶሪ ሰርተፊኬትን አይተካም፤ ናሙናዎችን ጎን ለጎን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

በመጨረሻም፣ ብናኙ ከአየር ላይም እርጥበት ይስባል። በጅቡቲ ወደብ ወበቅ ውስጥ ከረጢቱ ተቀድዶ የሰነበተ ዕቃ ረግቶ ይደርሳል፤ በኪሎ የተከፈለበት ገንዘብም ከፊሉ ለውሃ ይሆናል።